ፎቶው ገብቶ ሲወጣ ለምን ፎቶ አይሆንም? ባይነሪ ዳታ በዳታቤዝ ድራይቨር ውስጥ

ለመመረቂያ ከሚሠሩት ፕሮጀክቶች መካከል ፎቶ የማያስቀምጥ ሲስተም ማግኘት ይከብዳል። የሬጅስትራር ከሆነ የተማሪ ፎቶ አለ፤ የሆስፒታል ከሆነ ኤክስሬይ አለ፤ የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ስካን የተደረገ ጽሑፍ አለ። ፕሮግራሙ ሲሞከር ስሙም፣ አይዲ ቁጥሩም፣ የትምህርት ዘመኑም ደህና ገብቶ ደህና ይወጣል። ፎቶው ግን አንዳንዴ ገብቶ ሲወጣ አይከፈትም። ኤረር የለም። ኢንሰርቱ ተሳክቷል ተብሏል፤ ሴሌክቱም ረድፉን አምጥቷል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ፎቶውን ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥና ዳታቤዙ ውስጥ የፋይሉን ስም ብቻ ይጽፋል። ይሄ መጥፎ መፍትሔ አይደለም፤ ለትላልቅ ፋይሎች እንዲያውም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፎቶውን ያበላሸው ነገር ሳይታወቅ ይቀራል፤ ያው ነገር ደግሞ ነገ ኢንክሪፕት የተደረገ መረጃ ወይም የሰው ስም ላይ ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው በፕሮግራማችንና በዳታቤዙ መካከል ያለው ድራይቨር ባይቶችን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ የት ላይ እንደሚበላሹ፣ ከተበላሹ በኋላ ደግሞ የትኛው ብልሽት እንደሚመለስና የትኛው እንደማይመለስ ነው። ለምሳሌነት ይበልጡን የወሰድነው ፖስትግሬስን ነው፤ አሠራሩ በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨሩ የሚሠራው ሥራ

ፕሮግራማችንና የዳታቤዙ ሰርቨር ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ያሉት ሁለት የተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ የኔትወርክ መስመር ነው። በመስመሩ የሚያልፈው ደግሞ ባይት ብቻ ነው፤ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች በተርታ። ጃቫ ውስጥ ያለ ቀን ወይም ፓይተን ውስጥ ያለ ቁጥር እንዳለ በመስመሩ ላይ አይሄድም። መጀመሪያ ሰርቨሩ ወደሚያውቀው የባይት መልክ መለወጥ አለበት፤ ይሄ ኢንኮድ ማድረግ ነው። ከሰርቨሩ የመጣውን ደግሞ ወደ ቋንቋው ዓይነት መመለስ ያስፈልጋል፤ ይሄ ዲኮድ ማድረግ ነው። ሁለቱንም የሚሠራው ድራይቨሩ ነው።

እሺ፣ ፎቶ እኮ ቀድሞውኑ ባይት ነው። ታዲያ ምኑ ኢንኮድ ይደረጋል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ያለው ኤስኪውኤል ላይ ነው። ኤስኪውኤል ጽሑፍ ነው፤ ትእዛዙም ዳታውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ይጻፋሉ። ዳታው የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለሰርቨሩ የሚነግረው ነጠላ ጥቅስ ነው። ዳታው ውስጥ ራሱ ነጠላ ጥቅስ ካለ ሰርቨሩ ዳታው ያበቃ ይመስለዋል፤ ቀሪውን እንደ ትእዛዝ ማንበብ ይጀምራል። «ግዕዝ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ቃሉ መሀል ላይ ነጠላ ጥቅስ አለ። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ጥቃትም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

የሰው ስም ውስጥ ነጠላ ጥቅስ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ፎቶ ውስጥ ግን ከ0 እስከ 255 ያለው ማንኛውም ባይት በማንኛውም ቦታ ይመጣል። በአስኪ ነጠላ ጥቅስ 39 ነው፣ ባክስላሽ 92 ነው። በ20,000 ባይት ፎቶ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ አይኖሩም ብሎ ማሰብ አይቻልም። ከሁለቱ የባሰው ግን 0 ነው። በሲ ቋንቋ ስትሪንግ የሚያበቃው ዜሮ ባይት ላይ ነው፤ ብዙ ድራይቨሮች ደግሞ ከሥር የተሠሩት በሲ ነው። ዜሮ ባይት ሲያጋጥመው «በቃ፣ አለቀ» የሚል ፈንክሽን መንገድ ላይ አንድ እንኳን ካለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዳታ በሙሉ ይቀራል።

አንድ የተለመደ የጄፔግ ፎቶ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ባይቶች 255፣ 216፣ 255፣ 224፣ 0፣ 16 ናቸው። አምስተኛው ዜሮ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው መንገድ ያለፈ ፎቶ ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው 4 ባይት ብቻ ሆኖ ነው። የፒኤንጂ ፋይል ከሆነ ደግሞ 8 ባይት ይተርፋል፤ ዘጠነኛው ዜሮ ነውና።

ስለ ፒኤንጂ ካነሣን አይቀር፣ የፋይሉ መለያ የሆኑት እነዚያ ስምንት ባይቶች በደንብ ታስቦባቸው የተመረጡ ናቸው። ቁጥሮቹ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ናቸው። 80፣ 78 እና 71 የፎርማቱ ስም ሦስቱ የላቲን ፊደላት ናቸው። 137 ከ127 በላይ ነው፤ ስምንተኛውን ቢት የሚቆርጥ መስመር ካለፈበት ወዲያው ይታወቃል። 13 እና 10 ተከታትለው የገቡት ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ የመስመር ማብቂያውን የሚቀይር ፕሮግራም እንዲጋለጥ ነው፤ የመጨረሻው ብቸኛ 10 ደግሞ የተገላቢጦሹን ቅየራ ያጋልጣል። 26 በዶስ ዘመን የፋይል መጨረሻ ምልክት ነበር። ባጭሩ የፒኤንጂ ሰዎች በ1996 ስፔሲፊኬሽኑን ሲያወጡ ባይነሪ ፋይል በጽሑፍ መንገድ ላይ ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቁ ማንቂያ ደወል አስገብተውለታል። ማይኤስኪውኤልም በስትሪንግ ውስጥ ኤስኬፕ ከሚያደርጋቸው ባይቶች መካከል ይሄው 26 አለበት፤ የቀሩት ዜሮ፣ 10፣ 13፣ ባክስላሽና ሁለቱ ዓይነት ጥቅሶች ናቸው።

ባይትን በጽሑፍ መጻፍ

ባይት እንዳለ ጽሑፍ ውስጥ መግባት ካልቻለ መልኩን መቀየር አለበት። ፖስትግሬስ ለባይነሪ ዳታ የራሱ ዓይነት አለው፤ ባይት-ኤ ይባላል። በመጀመሪያ የነበረው አጻጻፍ ኤስኬፕ የሚባለው ነው። ከ32 እስከ 126 ያሉት፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚታዩት፣ እንዳሉ ይጻፋሉ። ባክስላሽ ራሱ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የቀሩት ደግሞ ባክስላሽና ሦስት የኦክታል አኃዝ ይሆናሉ። ለምሳሌ 137 የሚጻፈው \211 ተብሎ ነው። ዜሮ \000 ነው።

ይሄ አጻጻፍ ዳታው በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲሆን ጥሩ ነው። ለፎቶ ግን ያብጣል። ሒሳቡን እንሥራው፦ ከ256ቱ ባይቶች 161ዱ እያንዳንዳቸው 4 ምልክት ይወስዳሉ፤ አንዱ 2 ይወስዳል፤ 94ቱ አንድ አንድ ይወስዳሉ። ድምሩ 740 ነው፤ ለ256 ሲካፈል 2.9 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባይቶቹ በእኩል ተበታትነው ያሉበት የ200 ኪሎባይት ፋይል በመስመሩ ላይ ወደ 580 ኪሎባይት ይሆናል። የአማርኛ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 እንደ ባይት-ኤ ቢቀመጥ ከዚህም ይብሳል። ሀ ሦስት ባይት ነው፤ 225፣ 136፣ 128። በኤስኬፕ ሲጻፍ \341\210\200 ይሆናል። አንድ ፊደል፣ 12 ምልክት።

ሌላም ጣጣ ነበረው። በድሮው ፖስትግሬስ ባክስላሽ በማንኛውም ስትሪንግ ውስጥ የራሱ ትርጉም ነበረው። ስለዚህ ዳታው ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንዴ ኤስኪውኤሉን በሚያነበው ክፍል፣ አንዴ ደግሞ ባይት-ኤውን በሚቀበለው ክፍል። አንድ ዜሮ ባይት \\000 ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ አንድ ባክስላሽ ደግሞ \\\\ ይሆን ነበር። በቨርዥን 9.1 (2011) ተራ ስትሪንግ ውስጥ ያለ ባክስላሽ ተራ ምልክት እንዲሆን ተደረገ። ባክስላሽ እየቆጠሩ ማደር የቀረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በድሮው ደንብ የተጻፈ የራስ ሥራ ፈንክሽን አዲስ ሰርቨር ላይ ሲሮጥ የባክስላሹን ቁጥር ያሳስተዋል።

በ2010 በወጣው ቨርዥን 9.0 ሁለተኛ አጻጻፍ መጣ፤ ሄክስ። መጀመሪያ ላይ ባክስላሽና የላቲኑ ኤክስ ፊደል ይጻፋሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ባይት ያለ ምንም ልዩነት በሁለት የሄክሳዴሲማል አኃዝ ይጻፋል። ሁልጊዜ እጥፍ ነው፤ ከእጥፍ አይበልጥም አያንስም። ለማንበብም ፈጣን ነው፤ የሚመረመር ልዩ ሁኔታ የለውም። ጥሩ ለውጥ ነበር። ግን ሰርቨሩ ከዚያ ቨርዥን ጀምሮ ውጤትን የሚልከው፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ በሄክስ ሆነ። ታዲያ ሰርቨሩን አዲስ አድርገው የክላየንቱን ላይብረሪ ግን በድሮው የተዉ ሰዎች ምን ገጠማቸው?

የድሮው ላይብረሪ ዲኮድ ሲያደርግ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ባክስላሽ ከባክስላሽ ጋር፣ ባክስላሽ ከሦስት አኃዝ ጋር። ባክስላሽ ቀጥሎ ኤክስ ሲመጣበት አያውቀውም። ኤረር ግን አይልም። ባክስላሹን ይጥልና ኤክሱን እንደ ተራ ዳታ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት የሄክስ አኃዞች በሙሉ ስክሪን ላይ የሚታዩ ምልክቶች ስለሆኑ እነሱንም እንዳሉ ያሳልፋቸዋል። ለፕሮግራሙ የሚደርሰው እንግዲህ ፎቶ ሳይሆን የፎቶው የጽሑፍ ግልባጭ ነው። 20,000 ባይት የነበረው 40,001 ሆኖ ይመጣል። በ255 እና 216 ፋንታ 120፣ 102፣ 102፣ 100፣ 56 ተብሎ ይጀምራል፤ 120 የኤክስ ፊደል የአስኪ ቁጥር ነው።

በዚህ ላይ ፕሮግራሙ ረድፉን አንብቦ፣ ለምሳሌ የተማሪውን ስልክ ቁጥር ብቻ ቀይሮ፣ ረድፉን በሙሉ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ የተበላሸው ፎቶ በቦታው ይገባል። ደግሞ ሲነበብ እንደገና ይጠቀለላል። 40,001 የነበረው 80,003 ይሆናል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ እየተደረበ ይሄዳል ማለት ነው።

ፊደሉ ውስጥ የተደበቀ ጥቅስ

ባይቶችን ኤስኬፕ የሚያደርግ ፈንክሽን ባይቶቹ የየትኛው ፊደል አካል እንደሆኑ ካላወቀ ሌላ ወጥመድ አለ። በቻይንኛው ጂቢኬ ኢንኮዲንግ አንድ ፊደል ሁለት ባይት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ባይት ደግሞ 92 ሊሆን ይችላል። አንድ ተንኮለኛ 191 እና 39 ይልካል እንበል። ከጥቅስ ፊት ዝም ብሎ ባክስላሽ የሚጨምር ፈንክሽን 191፣ 92፣ 39 ያደርገዋል። ሰርቨሩ በጂቢኬ ሲያነበው ግን 191 እና 92 አንድ ላይ አንድ ፊደል ይሆናሉ፤ 39 ብቻውን ይቀራል፤ ጥቅሱ ክፍት ነው። ጠባቂው ራሱ ለሌባው በሩን ከፈተለት። በ2006 ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም ለዚህ ዓይነቱ ቀዳዳ የደኅንነት ማስተካከያ አውጥተዋል።

በዩቲኤፍ-8 ይሄ አይሆንም። ከአስኪ ውጪ ያለ ፊደል ባይቶቹ በሙሉ 128 እና ከዚያ በላይ ናቸው። የዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክልል በዩቲኤፍ-8 ሁልጊዜ በ225 ይጀምራል፤ ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ነው። 39ም፣ 92ም፣ 0ም የሚገቡበት ቀዳዳ የለም። አማርኛ በዩቲኤፍ-8 እስከተጻፈ ድረስ ከዚህ ወገን ሰላም ነው።

ችግሩ ዩቲኤፍ-16 ላይ ነው። ዊንዶውስ በውስጡ የሚጠቀመው እሱን ነው፤ በቆየው ኖትፓድም «ዩኒኮድ» በሚል ስም ሴቭ ይደረግ የነበረው ይሄው ነው። እዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሁለት ባይት ነው፤ በዊንዶውስ ቅደም ተከተል ትንሹ ባይት ይቀድማል። ሀ ማለት 0 እና 18 ነው። ጀ ማለት 0 እና 19 ነው። እንግዲህ ይሄንን በሲ ስትሪንግ መንገድ ብናሳልፈው «ሀብታሙ» እና «ጀማል» ባዶ ስም ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ባይት ዜሮ ነውና። «ከበደ» ግን ምንም አይሆንም። ይሄን ዓይነት ስህተት ስንቱ ተማሪ «ሲስተሙ አንዳንድ ስም አይወድም» ብሎ እንደሚያልፈው አስቡት! ጧ ደግሞ 39 እና 19 ነው፤ «ጧት» የሚለው ቃል ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ተቀምጧል ማለት ነው።

እንዳለ መላክ

እስካሁን ያየነው መከራ ሁሉ የመጣው ዳታው ትእዛዙ ውስጥ ስለተጻፈ ነው። ሁለቱን መለየት ከተቻለ ጥቅስም ባክስላሽም አያስፈልግም። በፖስትግሬስ ይሄ የተቻለው በ2003 በቨርዥን 7.4 በመጣው ሦስተኛው ፕሮቶኮል ነው። መጀመሪያ የኤስኪውኤሉ ጽሑፍ ብቻውን ይላካል፤ ዳታው በሚገባበት ቦታ ምልክት ብቻ አለ። ቀጥሎ ባይንድ የሚባል መልእክት ይላካል። በውስጡ ለእያንዳንዱ ፓራሜትር ፎርማቱ ይነገራል፤ 0 ከሆነ ጽሑፍ፣ 1 ከሆነ ባይነሪ። ከዚያ አራት ባይት ርዝመት፣ ከዚያ ዳታው ራሱ። የ20,000 ባይቱ ፎቶ ፊት 0፣ 0፣ 78፣ 32 ይጻፋል (78 ጊዜ 256 ሲደመር 32)፤ ቀጥሎ 20,000 ባይት እንዳለ። ሰርቨሩ ስንት እንደሚያነብ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ውስጡ ምን እንዳለ አያስጨንቀውም። ርዝመቱ 0 ከሆነ ባዶ ዳታ ነው፤ −1 ከሆነ ነል ነው። በጽሑፍ መንገድ እነዚህ ሁለቱ ስንት ጊዜ ነው የሚደበላለቁት!

በማስታወሻ ሜሞሪ በኩልም ትርፍ አለው። 6 ሜጋባይት የሆነ የፒዲኤፍ ጽሑፍ በሄክስ 12 ሜጋባይት ነው። ከጃቫ 9 (2017) በፊት በነበረው ጃቫ ስትሪንግ ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት ሁለት ባይት ስለሚይዝ፣ ያ ጽሑፍ እንደ ስትሪንግ ሲያዝ 24 ሜጋባይት ይሆናል። አሥር ተጠቃሚ ባንድ ጊዜ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፓራሜትር የሚቀበል ድራይቨር ሁሉ በባይንድ ይልካል ማለት አይደለም። የፓይተኑ ሳይኮፒጂ-2 ዳታውን ራሱ ኤስኬፕ አድርጎ ኤስኪውኤሉ ውስጥ ከጻፈ በኋላ ነው የሚልከው፤ በ2021 የወጣው ሳይኮፒጂ-3 ነው ለይቶ ወደ መላክ የሄደው። የፒኤችፒው ፒዲኦም ከማይኤስኪውኤል ጋር ሲሠራ፣ ካልተከለከለ በስተቀር፣ ፕሪፔርድ ስቴትመንትን ያስመስላል እንጂ በእውነት አይልክም። እነዚህ ድራይቨሮች ኤስኬፑን በጥንቃቄ ስለሚሠሩ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ግን ኢንኮዲንጉን በትክክል መንገር ግዴታ የሚሆነው በነሱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ባይነሪ ሲመጣ ዲኮድ ማድረጉ የኛ ኃላፊነት ይሆናል። ለፎቶ ቀላል ነው፤ ባይቱ ባይት ነው። ለቁጥር ግን እንዲህ አይደለም። ፖስትግሬስ ቁጥርን በኔትወርክ ቅደም ተከተል ይልካል፤ 1 ማለት 0፣ 0፣ 0፣ 1 ነው። በተለመደው የኢንቴል ኮምፒዩተር ላይ ይሄን ዝም ብሎ ወደ ኢንቲጀር የገለበጠ ሰው 16,777,216 ያገኛል። ጊዜ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ በተቆጠረ ማይክሮሰከንድ ነው የሚላከው። እስከ ቨርዥን 9.6 ድረስ ሰርቨሩ ኮምፓይል በተደረገበት መንገድ ያው ስምንት ባይት ፍሎት ሊሆንም ይችል ነበር፤ ምርጫው የቀረው በቨርዥን 10 (2017) ነው። በጽሑፍ መላክ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውም ያነበዋል። በኔ አስተያየት ለቁጥርና ለቀን ድራይቨሩ የመረጠውን መተው ይሻላል፤ ባይት-ኤ ላይ ግን ባይነሪውን መጠየቅ ያዋጣል።

የሚመለስና የማይመለስ ብልሽት

እስካሁን ካየናቸው ብልሽቶች የሄክሱ ታሪክ ያስደነግጣል እንጂ መረጃ አልጠፋም። በአንድ በኩል ኢንኮድ ተደርጓል፣ በሌላው ዲኮድ አልተደረገም፤ በቃ። እንዲህ ያለውን ሁልጊዜ ልጣጩን እያነሱ መመለስ ይቻላል። የማይመለሰው በተቃራኒው ነው፤ ጽሑፍ ያልሆነውን በግድ እንደ ጽሑፍ ዲኮድ ማድረግ።

በጃቫ በጣም የተለመደው እንዲህ ነው። የፎቶው ባይቶች ስትሪንግ ይደረጋሉ፤ ለድራይቨሩም እንደ ስትሪንግ ይሰጣሉ። ጃቫ ባይቶቹን በዩቲኤፍ-8 ለማንበብ ይሞክራል። 255 በዩቲኤፍ-8 ፈጽሞ የለም። ጃቫ ታዲያ ኤረር አይልም፤ «ያልታወቀ» የሚል አንድ ምትክ ፊደል ያስገባል፤ ተመልሶ ሲጻፍ 239፣ 191፣ 189 ይሆናል። 216ቱም ቀጥሎት የሚስማማው ባይት ስለሌለ ያው ይሆናል፤ 224ቱም እንዲሁ። ሦስት የተለያዩ ባይቶች አንድ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የቱ የቱ እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ባክአፕ ከሌለ ፎቶው ሄዷል። ፖስትግሬስ በጽሑፍ አምድ ውስጥ ዜሮ ባይት ስለማይቀበል ቢያንስ ይጮኻል። ያኔ ዜሮዎቹን በሪፕሌስ አጥፍቶ «ተስተካከለ» የሚል አይጠፋም፤ ይሄ በበሽታው ላይ ሞትን መጨመር ነው።

ስለዚህ የተበላሸ ፎቶ ሲያጋጥም ከመደንገጥ በፊት የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ማየት ነው። ፋይሉ ጄፔግ ነበር እንበል። በ120፣ 102፣ 102 ከጀመረ የድሮ ላይብረሪ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውን ባይት ጥሎ ቀሪውን ከሄክስ መመለስ፣ 255 እና 216 እስኪመጣ ድረስ መደጋገም። በ92 እና 120 ከጀመረ ሄክሱን ማንም አልነካውም፤ ሁለቱን መጣል ነው። 92፣ 51፣ 55፣ 55 ከሆነ በኤስኬፕ የተጻፈ \377 ነው፤ ኦክታሉን መመለስ ነው። 47፣ 57፣ 106፣ 47 ከሆነ አንድ ሰው ቤዝ-64 አድርጎታል፤ እሱም ይመለሳል። 239፣ 191፣ 189 ከሆነ ወይም ፋይሉ 4 ባይት ብቻ ከሆነ ግን ባለቤቱን ሌላ ፎቶ እንዲያመጣ መጠየቅ ነው። ሰርቨሩን መቀየር ሳያስፈልግ የድሮውን ላይብረሪ ለጊዜው ማኖር ከተፈለገ ደግሞ የሰርቨሩን የባይት-ኤ አወጣጥ ሴቲንግ ወደ ኤስኬፕ መመለስ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያኔ የወጣው በዚህ ነው።

ፕሮጀክቱ ከመቅረቡ በፊት ለመፈተን ፎቶ መጫን አያስፈልግም። ከ0 እስከ 255 ያሉትን ባይቶች በተርታ የያዘ አንድ የ256 ባይት አሬይ መሥራት ይበቃል፤ የሚያስቸግሩት ሁሉ በውስጡ አሉ። መጨረሻው ላይ 191 እና 39 ቢጨመር የጂቢኬውንም ይፈትናል። ሁለት ሌላ ረድፍ ደግሞ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ነል ሆኖ ይግባ። ከዚያ መልሶ አንብቦ ባይት በባይት ማወዳደር ነው። ካልገጠመ ብልሽቱ መግቢያው ላይ ይሁን መውጫው ላይ ለማወቅ ርዝመቱንና ኤምዲ-5ውን ሰርቨሩ ራሱ እንዲያሰላ በኤስኪውኤል መጠየቅ ይቻላል፤ ፖስትግሬስ ሁለቱንም ባይት-ኤ ላይ ይሠራል። የሚመለሰው ቁጥርና አጭር ጽሑፍ ስለሆነ በዲኮዱ አይነካም። ሰርቨሩ 256 ብሎ ፕሮግራሙ 513 ካሳየ ውስጥ ያለው ዳታ ደህና ነው፤ የሚቀየረው የክላየንቱ ላይብረሪ ነው። ሰርቨሩ ራሱ 513 ካለ ግን የተበላሸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሌሎቹ ረድፎችም አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።